ፊት ማይክ፣ ኋላ ስፒከር

ሰው ሥራዋ ምን እንደሆነ ሲጠይቃት መልስ መስጠት ከተወች ቆይታለች። ድሮ፣ ጉልበትም ትዕግሥትም በነበራት ጊዜ፣ «ድራይቨር እጽፋለሁ» ትል ነበር። ይህን የሰሙ አንዲት ጎረቤት «እጽፋለሁ» የምትለዋ ቃል አምልጣቸው ኖሮ፣ አንድ እሑድ የወንድማቸውን ልጅ አስከትለው መጥተው መኪና መንዳት አስተምሪልኝ አሏት። እሷ መሪ ጨብጣ አታውቅም። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷ ከመቀሷ አይተናነስም፤ ይህን ታሪክ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታነሳና «የእኔ እህት ሹፌርም አይደለች፣ ጸሐፊም አይደለች፤ ቀዳዳ ቆጣሪ ናት» ብላ ትዘጋዋለች።

እህቷ ብዙም አልተሳሳተችም። መሥሪያ ቤቱ ለፍርድ ቤትና ለስብሰባ አዳራሽ የሚሆን የድምፅ መቅረጫ ኮምፒውተር ይገጣጥማል። ኮምፒውተር ደግሞ፣ ሰው ሁሉ ብልህ ነው ቢለውም፣ የገዛ ጆሮው የት እንዳለ አያውቅም። ቀዳዳው የማይክ ይሁን የስፒከር፣ በፊት በኩል ይሁን በጀርባ፣ የቀለበቱ ቀለም ሮዝ ይሁን አረንጓዴ፣ አሁን የተሰካበት ነገር ይኑር አይኑር፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በሠንጠረዥ ሊጽፍለት ይገባል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያንን ሠንጠረዥ አንብቦ «ማይክ፣ ፊት፣ ተሰክቷል» እያለ በስክሪኑ ላይ ያሳያል። ሰዉም አምኖ ሥራውን ይቀጥላል። ድራይቨር የሚባለው ይኸው ነው፤ ሠንጠረዡን የምትጽፈው እሷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጽፋለች። ባልደረቦቿ «እትዬ ቀዳዳ» ይሏታል፤ በፍቅር ነው፤ እሷም ስሙን ከለመደችው ቆይታለች።

ይህ ሥራ ምስጋና የለውም። ሠንጠረዡ ልክ ሲሆን ማንም አያየውም፤ ሲሳሳት ግን ስሟ ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይጠራል። ክፍሏ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ የጎረቤቱን ሕንጻ ግድግዳ ያሳያል እንጂ ሌላ የሚያሳየው የለም። ጠረጴዛዋ ላይ ክዳኑ የተነሳ አንድ የቆየ ማሽን አለ፤ ማንኛውንም ነገር የምትሞክረው በእሱ ነው። እግሯ ከቀትር በፊት ማበጥ ስለሚጀምር ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር አውልቃ ትሠራለች። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ ድካሟ ግን ሃያ የቀራት ያስመስላታል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከታች ዘበኛው ደወለላት።

«እትዬ፣ አንዲት ሴት የድምፅ ማሽኑን የሚሠራውን ሰው ካላገኘሁ ብላ አልነቃነቅ ብላለች። ምን ልበላት?»

«አስገባት» አለች። እምቢ ማለትም ጉልበት ይፈልጋል።

የገባችው ሴት ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ማህደር በደረቷ አቅፋ የያዘች ናት። በፍርድ ቤት የችሎት ድምፅ መዝጋቢ ነኝ አለች። ወንበር ስትሰጣት ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ማይኩን ሰክቻለሁ» አለች፣ ሰላምታውን እንኳን በቅጡ ሳትጨርስ። «ስምንት ዓመት ስሠራ አንድ ቀን ረስቼ አላውቅም።»

ነገሩን ቀስ በቀስ አወጣጣቻት። ከአንድ ወር በፊት አንድ በጠና የታመሙ ሽማግሌ በተሽከርካሪ ወንበር ከሆስፒታል መጥተው ስለ አንድ የርስት ክርክር መሰከሩ። የቆየው ማሽን ተበላሽቶ ስለነበር በዚያው ጠዋት አዲስ ማሽን ተተክቶላታል። ሽማግሌው እያረፉ፣ ውሃ እየጠጡ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። በማግስቱ ቅጂው ሲከፈት ሦስት ሰዓት ሙሉ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ሆነ። ማሽኑም ጉዳዩ እስኪጣራ ሥራ ላይ ሳይውል ተቀመጠ። ሽማግሌው ድጋሚ ሊጠሩ ቀን ሲፈለግ፣ በሁለተኛው ሳምንት አረፉ።

«ማይኩን ሳትሰካ ቀርታ ነው ብለው ዲሲፕሊን ኮሚቴ አቅርበውኛል። ዓርብ ነው የሚታየው። ሊያሰናብቱኝ ነው፣ እትዬ። እኔ ግን ሰክቻለሁ፤ ማሽኑም ተሰክቷል ብሎኛል። ሁልጊዜ ሥራ ስጀምር ፎቶ አነሳለሁ፤ ይኸው። እነሱ ግን በኋላ ያነሳሽው ነው አሉኝ።»

ከማህደሩ በወረቀት የታተመ ፎቶ አወጣች። እትዬ ቀዳዳ በገመድ ካንጠለጠለችው መነጽር ሥር ገረፍ አድርጋ አየችው። አረንጓዴ ምልክት፤ «ማይክ፣ ፊት፣ ተሰክቷል»። በሕይወቷ ሺህ ጊዜ ያየችው ነገር ነው። ከዚያ ወደ ጠረጴዛዋ ማሽን ዞራ ማይክ ፊት ለፊቱ ቀዳዳ ላይ ሰካችና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለች። መልሳ ከፈተችው፤ የገዛ ድምፅዋ፣ ድካሙ ሳይቀር፣ ጥርት ብሎ መጣ። ማይኩን ነቀለችው፤ ምልክቱ ቀይ ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። ኮሚቴው የባለሙያ ቃል በደብዳቤ ጠይቆ መልስ ሳይሰጡት አሥር ቀን ሆኖታል። «ይኸው ይሠራል አይደል? ሁለት መስመር ጻፊላቸውና እንገላገል» አላት።

ጻፈች። «ማሽኑ ጤነኛ ነው። ማይክ ሲሰካ ተሰክቷል ይላል፤ ሳይሰካ አይልም።» ፈረመችበት፤ ማህተምም ተመታበት። መዝጋቢዋ ቆማ አነበበችው።

«እንግዲህ ውሸታም ነኝ ማለት ነው» አለች።

«ውሸታም አልልሽም፣ ልጄ። ሰው ይረሳል።»

ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ማህደሯን አቅፋ ወጣች፤ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ትታው ሄደች።

ከቀትር በኋላ ሻይ ለማስቀመጥ ቦታ ስትፈልግ ፎቶው እጇ ገባ። ብርጭቆውን ልታስቀምጥበት ምንም አልቀራትም ነበር። ከዚያ የማይኩ መሰኪያ የገባበትን ቀዳዳ አየችው። ቀለበቱ ጥቁር ነው። የጠረጴዛዋን ማሽን አየች፤ ቀለበቱ ሮዝ ነው። የእሷም ሠንጠረዥ «ሮዝ» ነው የሚለው። ባለ ጥቁር ቀለበቶቹ አዲሶቹ፣ የኋለኞቹ ማሽኖች ናቸው፤ አሥራ አራት ተሠርተው አብዛኞቹ ገና ካርቶናቸው አልተፈታም። ከመገጣጠሚያው በቀጥታ ወደ ግምጃ ቤትና ወደ ደንበኛ ስለሄዱ አንዱም ጠረጴዛዋ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሠንጠረዡን የጻፈችላቸው ከደብተር ነው።

ምድር ቤት ወርዳ ከግምጃ ቤት አንድ ካርቶን አስፈታች። ማሽኑን ራሷ አቅፋ ሦስት ፎቅ ወጣች፤ ሊፍቱ እንደ ልማዱ አይሠራም። ማይኩን ፊት ለፊቱ ቀዳዳ ላይ ሰካችው። አረንጓዴ። «ማይክ፣ ፊት፣ ተሰክቷል።» «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለች፤ ከፈተችው።

ሽሽሽ።

ደግማ ሞከረች፤ ማይክም ቀየረች። ሽሽሽ። ከመሳቢያዋ ጥቁር ሽፋን ያለውን ደብተር አወጣች። የጋሼ ሽቦ ደብተር ነው። ጋሼ ሽቦ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማሽኖቹን ቦርድ ሲነድፉና ሽቦውን ሲያያይዙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡ ደብተሩን ለእሷ አስረክበዋታል። ቃል እንዳያልቅባቸው የሚሰስቱ ይመስል አሳጥረው ነው የሚጽፉት። በኋለኛው ማሽን ገጽ ላይ አንዲት ክብ ሥለዋል፤ ያቺ ክብ ከሚቀመጠው ሰው ፊት ለፊት ያለችው ቀዳዳ ናት። ከጎኗ በእጃቸው እንዲህ ይላል፤ «ፊት ማይክ፣ ኋላ ስፒከር።» እሷም እንደተጻፈው አስገብታዋለች። በፊት በኩል ማይክ፣ በኋላ በኩል ስፒከር። ከዚህ ውስጥ ምኑ ተሳሳተ? ግራ ገባት።

ረቡዕ ሥራ ስትወጣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ጋሼ ሽቦ ቤት ሄደች። ልጃቸው ጋ፣ ምድር ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው የሚኖሩት። በሩ አጠገብ ቁጭ ብለው የሰው ራዲዮ ፈታተው አገኘቻቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጆሯቸውም ከብዷል። ሠላሳ ዓመት ለማሽን ጆሮ ሲሠሩ ኖረው የራሳቸው ደከመ።

«ብርቱካን ምን ያደርግልኛል፣ አንቺ ራስሽ መምጣትሽ ይበቃ ነበር» አሉ፣ ብርቱካኑን ግን ተቀብለው ከጎናቸው አስቀመጡት።

«ጋሼ፣ የኋለኛው ማሽን ፊት ያለው ቀዳዳ የምንድን ነው?»

«ምን?»

«ፊት ያለው ቀዳዳ!»

«ጥርሴ ነው? እሱማ ወለቀ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ደብተሩን ከፍታ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችና በጣቷ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ፈልገው አወረዱና አነበቡ።

«ልክ ነው» አሉ። «ፊት ማይክ ነበረ፤ ኋላ ስፒከር አደረግነው።»

«ምን አሉኝ?»

«የማይኩ ገመድ ፊት ለፊት እየተንጠለጠለ ሰው እየጠለፈው አስቸገረ። ስለዚህ ይቺን ቀዳዳ ለስፒከር ሰጠናት፤ ማይኩን ወደ ጀርባ ወሰድነው። ፊት ማለት እኮ ድሮ ማለቴ ነው። ፊት ማይክ፤ ኋላ ስፒከር። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል አልነገረቻቸውም። ፊት የምትል አንዲት ቃል ናት። ይታጠቧታል፣ ያዞሯታል፣ ይነሷታል፤ ወደፊት ሲሉ ነገ ናት፣ በፊት ሲሉ ትናንት ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊትና ኋላ ስትጽፍ የኖረች ሴት ፊት ማለት ድሮም እንደሆነ ረሳች። እሳቸውም ሠላሳ ዓመት ከቀዳዳ ጋር ኖረው ፊት ማለት ፊት ለፊትም እንደሆነ ረሱ። ሁለቱም ቋንቋቸውን አልሳቱም፤ አንዱ ቀን ቆጠረ፣ ሌላዋ ቦታ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ፊት ለፊት ሲሰካ ለምን ማይክ ተሰክቷል ይላል?»

«እያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ሽቦ አለው ብዬሽ የለም? አንዱ ድምፅ ያመላልሳል፤ ሁለተኛው መዳሰሻ ነው፣ አንድ ነገር መሰካቱን ብቻ ነው የሚያውቀው። የድምፁን አዛወርኩ፤ መዳሰሻውን ባለበት ተውኩት። እሱን አንቺ በሠንጠረዥሽ ታስተካክይዋለሽ ብዬ ነዋ።» ቀና ብለው አዩዋት። «ምነው፣ አላስተካከልሽውም እንዴ?»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት። «አስተካክለዋለሁ» ብላ ደብተሩን ዘጋች። ጋሼ ሽቦ ግን «ሰው ጎዳ?» ብለው ጠየቁ፤ ይህን ጊዜ ጆሯቸው አልከበደም።

«አንዲት ሴት ጎድቷል» አለች።

ሐሙስ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ነገረችው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ደክሞታል፤ ዓይኑ ሥር ያለው ጥቁረት ከእሷ ቢብስ እንጂ አያንስም። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ሰማት።

«ማን ያውቃል ይህን?» አለ።

«እኔ፣ አንተ፣ ጋሼ ሽቦ።»

«ጥሩ። ዛሬውኑ ሠንጠረዡን አስተካክለሽ ወደ ማሽኖቹ ሁሉ ላኪው። ነገ ሁሉም በትክክል ይሠራሉ፤ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ።»

«ልጅቷስ?»

«የትኛዋ ልጅ?»

«ማሽኑ ጤነኛ ነው ብዬ የጻፍኩባት።»

«እህቴ፣ ፍርድ ቤቱ ይህን ከሰማ ውላችንን ይሰርዛል። እዚህ ሠላሳ ሰው ከነቤተሰቡ ይተዳደራል። አንቺም ሁለት ዓመት ነው የቀረሽ። በገዛ እጅሽ ገመድ አትፈልጊ።» ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነገ ሥራ ላይ ነሽ፤ እሺ?» አለ።

እሺ ብላ ወጣች። ሠንጠረዡን ለማስተካከል አራት ደቂቃ አልፈጀባትም፤ ሁለት ቃል ማቀያየር ነው። መላኪያው ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ ቆመ። ከተላከ ማሽኖቹ ይድናሉ፤ የልጅቷ ብቸኛ ምስክር ደግሞ ውሃ ይበላዋል። ኮሚቴው ፊት ያለው ማሽን እውነትም ጤነኛ ይሆናል፤ የእሷም ደብዳቤ እውነት ይሆናል። እንዲህ በቀላሉ እውነት ልትሆን መቻሏ አስጠላት። ኮምፒውተሩን ሳትልክ ዘጋችው።

ማምሻውን እህቷ የሰው ቀሚስ ጠርዝ እየጠለፈች ሳለ ነገረቻት። ቀልድ ጠብቃ ነበር። እህቷ ግን መርፌውን አቆመች።

«አንድ ጊዜ» አለች እህቷ፣ «የአንዲትን ደንበኛዬን የሠርግ ቀሚስ አጥብቤ ቆረጥኩት። ስትለብሰው አልገባ አለ። እኔ አጠበብኩት ማለት ሞት መስሎ ታየኝና ወፍረሻል አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምግብ ተወች። ሠርጓ ቀን ቀሚሱ ልክ ሆነላት፤ እሷ ግን መቆም አቅቷት ደግፈው ነው ያስገቧት። አሥራ አምስት ዓመት ሆነው። ዛሬም መንገድ ላይ ሳያት ፊቴን አዞራለሁ።» መርፌውን መልሳ አነሳች። «የፊቱን ጠባብ ጫማሽን አታድርጊ ነገ፤ እግርሽ ያብጣል። ሰፊውን አድርጊ።»

ዓርብ ጠዋት ሰፊውን ጫማ አደረገች፤ አበጠም አላበጠም። አውቶቡሱ ስለዘገየ ፍርድ ቤት ስትደርስ ስብሰባው ተጀምሯል። ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት የኮሚቴ አባላት፤ ሰብሳቢው አፍንጫቸውን በመሐረብ የሚጠራርጉ ጉንፋናም ሰውዬ። መዝጋቢዋ ከጠረጴዛው ወዲህ ብቻዋን ተቀምጣለች። አንገቷን ደፍታ ስለነበር ማን እንደገባ አላየችም።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አሏት ሰብሳቢው።

«ማሽኑ ጤነኛ ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አዎ፣ ደብዳቤዎ ደርሶናል። እንዲያውም በእርስዎ ቃል ተማምነን ስብሰባውን በዚያው ማሽን እየቀረጽን ነው» አሉና በእጃቸው አመለከቱ። «የሚጨምሩት ነገር ካለ ይናገሩ። ይቀረጻል።»

ማሽኑ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጧል። ጥቁር ቀለበት። የማይኩ ገመድ ፊት ለፊቱ ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት አለ፤ «ማይክ፣ ፊት፣ ተሰክቷል።»

ይህን አላሰበችውም ነበር። አሁን ሁሉንም ብትናገር፣ ሦስት ሰዎች ይሰማሉ፤ ማሽኑ ግን አይሰማም። ነገ ሥራ አስኪያጁ «ምን አልሽ?» ቢላት፣ ኮሚቴውም ቅጂውን ቢከፍት፣ ሽሽሽ ብቻ ነው። ተናግራ እንዳልተናገረች ትሆናለች፤ ሕሊናዋም ያርፋል፣ ጡረታዋም ይተርፋል። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ምቹ ቀዳዳ አጋጥሟት አያውቅም። ለአንድ አፍታ፣ እውነቱን ለመናገር ከአንድ አፍታም ለረዘመ ጊዜ፣ ደጋግማ አየችው። ደክሟታል፤ የደከመው ሰው ደግሞ ያገኘው ወንበር ላይ መቀመጥ ያምረዋል።

ከዚያ መዝጋቢዋ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ማክሰኞ ዕለት ስትወጣ የነበራት ያው የደረቀ ዓይን ነው።

«አልተቀረጸም» አለች እትዬ ቀዳዳ።

«ምኑ?» አሉ ሰብሳቢው።

«እስካሁን የተናገራችሁት በሙሉ።»

«እንዴት አልተቀረጸም? ይኸው ተሰክቷል ይላል እኮ!»

መዝጋቢዋ አንድ ወር ሙሉ ለሰው ሁሉ ስትለው የኖረችው ያንኑ ነው፤ ቃል በቃል። ሰብሳቢውም ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ገባቸው መሰለኝ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ።

እትዬ ቀዳዳ ሄደች፤ ማይኩን ከፊት ነቀለችው። አረንጓዴው ጠፍቶ ቀይ በራ። ማሽኑን ዞራ በጀርባው ያለውን ቀዳዳ በጣቷ ዳስሳ አገኘችና እዚያ ሰካችው። ቀዩ አልጠፋም፤ «ማይክ አልተሰካም» እንዳለ ነው።

«ኧረ ተነቅሏል እያለ ነው» አለች ከአባላቱ አንዷ።

«ይበል» አለች። «አሁን ነው የሚሰማው።» ወደ ማይኩም ጎንበስ ብላ፣ «ስህተቱ የኔ ነው» ብላ ጀመረች። ስለ ደብተሩ ተናገረች፤ ስለ ፊትና ኋላ፤ ሳታየው ስለጻፈችው ሠንጠረዥ፤ ማሽን ሳትለይ ስለፈረመችበት ደብዳቤ። «እሷ አልረሳችም። የረሳሁት እኔ ነኝ» አለችና አበቃች። ከጋሼ ሽቦ በቀር የማንንም ስም አላነሳችም፤ እሳቸውንም ልክ ነበሩ ለማለት ነው።

ሰብሳቢው ቅጂውን አስከፈቱ። መጀመሪያ ሽሽሽ መጣ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ አዳመጡ፤ ክሱ የተነበበበት፣ ምስክር የተጠየቀበት፣ እሳቸው ራሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የተቆጡበት ሁሉ ሽሽሽ ሆኖ አለፈ። ወደፊት አሻገሩት። በአሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም የአንዲት የደከመች ሴት ድምፅ፣ ጥርት ብሎ። መዝጋቢዋ አፏን በመዳፏ ያዘች። ማክሰኞ ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰችው።

እትዬ ቀዳዳ መሥሪያ ቤት ተመልሳ መላኪያውን ተጫነች። ሥራ አስኪያጁ ማስጠንቀቂያ ጻፈባት፤ ከዚያም ፊት ነሳት። የውሉ ነገር ገና አልታወቀም። እሷን የሚተካ ቀዳዳ ቆጣሪ ግን በቀላሉ አይገኝምና ጠረጴዛዋ ላይ ተዋት።

ሰኞ ከቀትር በፊት ስልኳ ጮኸ። መዝጋቢዋ ናት፤ ከሥራ ቦታዋ ነው የምትደውለው።

«እትዬ፣ ተመለስኩ። እዚሁ ወንበሬ ላይ ነኝ።» ትንሽ ሳቀች። «ዛሬ መጀመሪያ የሰጡኝ ሥራ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የዓርቡን የራሴን ስብሰባ ቅጂ መዝግቢ አሉኝ። ከእርስዎ በቀር ማንም የለበትም። የከሰሱኝ ሁሉ ጠፍተው እርስዎ ብቻ ቀሩ።»

እትዬ ቀዳዳም ሳቀች፤ ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር። ከዚያ ከማክሰኞ ጀምሮ ልቧ ውስጥ ያለውን ጠየቀች።

«የሽማግሌውስ? የሳቸውን ደግማችሁ ሞከራችሁ? አንዳንዴ ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት ትንሽ ነገር ይኖራል።»

«ሞከርኩ፣ እትዬ። ጠዋት ከሁሉ በፊት እሱን ነው የከፈትኩት። ሦስቱንም ሰዓት ሰማሁት።»

«እና?»

«ሽሽሽ ብቻ ነው።»

ስልኩን አስቀመጠች። ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር አወለቀች፤ አዲስ ደብተርም ከመሳቢያዋ አውጥታ የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከእሷ በኋላ ለሚመጣው ሰው፣ ቃል ሳትሰስት መጻፍ ጀመረች፤ «ይህ ቀዳዳ የሚገኘው በማሽኑ ጀርባ፣ ከሚቀመጠው ሰው በተቃራኒ ነው። ማይክ የሚሰካው እዚህ ነው። ድሮ ሌላ ቦታ ነበር። ሳታይ አትጻፍ።»